ተመልካች የሌለበት ሜዳና የጋሼ ይማም ማሽላ

እኛ ሰዎች ተመልካች ከሌለ የማንሠራው ብዙ ነገር አለ። አንዱ ጠብ ነው። ለጠብ ሁለት ሰው ይበቃል የምትሉ ካላችሁ መንገድ ላይ ጠብ አይታችሁ አታውቁም ማለት ነው። ለደህና ጠብ ሁለት ተጣዮች፣ አንደኛውን ወገቡን ይዘው ወደ ኋላ የሚጎትቱ ሰዎች፣ ሌላኛውን የሚጎትቱ ሌሎች ሰዎች፣ ዳር ቆማ «ኧረ በፈጣሪ!» የምትል አንዲት ሴትዮ ያስፈልጋሉ። የተያዘው ሰውዬ «ልቀቁኝ! ልቀቁኝ ብያለሁ!» እያለ ይንፈራገጣል። እንደማይለቁት እርግጠኛ ሲሆን ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

በኮሮና ሰሞን በከተማችን በሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች በአንድ ተሳፋሪ ሲጣሉ አየሁ። እጅጌ ተጠቀለለ፣ ማስክ ከአገጭ ወርዶ ኪስ ገባ፣ ስድቡም ከራስ አልፎ ወደ አባትና እናት ሊሻገር ሆነ። ግን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ሁላችንም ርቀታችንን ጠብቀን ነው የቆምነው። ሁለቱ ሰዎች ዙሪያቸውን ቃኙ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ትንሽ ተፋጠጡ። ከዚያ አንደኛው እጅጌውን መልሶ ዘረጋና «ቆይ ብቻ፣ ይሄ በሽታ ይለፍ!» ብሎ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። ጠቡ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ።

ስለዚህ በዚያው ሰሞን ዓለም በሙሉ «ኳስ ያለ ተመልካች ይጀመር ወይስ ይቅር?» እያለ ሲከራከር፣ እኔ መልሱን መናኸሪያ በር ላይ ያገኘሁት መስሎኝ ነበር። ጠብ እንኳ ያለ ተመልካች ካልሆነ ኳስ እንዴት ይሆናል? አውሮፓዎቹ ግን ጀመሩት። በቴሌቪዥን አየነው፤ እናንተም አይታችኋል። ያ ሁሉ ወንበር ባዶውን ተደርድሮ፣ አሠልጣኙ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሳይቀር ይሰማል። ተጫዋቹ ግብ ያገባና እንደ ልማዱ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ደጋፊው ሲሮጥ የሚያገኘው ወንበር ነው። ከወንበር ጋር ደስታውን መካፈል የሚችል ሰው እስካሁን አላየሁም።

እኔን እዚህ ነገር ውስጥ ምን አስገባኝ? የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ አባል ነኝ። ኮሚቴ የገባሁት ኳስ አውቄ አይደለም፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ስብሰባ ሲጠሩኝ አልቀርም፣ ይኸው ነው። ከስብሰባ የማይቀር ሰው በዚህ አገር የማይሆነው ነገር የለም። ቡድናችንም ትልቅ ነው አልልም። ቢሆንም ተጫዋቾቹ ከኳስ ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ጠዋት ይለማመዳሉ፣ ወደ ማታ ይለማመዳሉ፣ እሁድ ይጫወታሉ፣ የሚበሉት በእሱ ነው። ልምምዱ ሳይቀር ተመልካች ነበረው። ሥራ የፈታው፣ ከሥራ የወጣው፣ የደሴ መኪና እስኪመጣ የሚጠብቀው መንገደኛ ጭምር ሜዳው ዳር ቆሞ ይጮኻል። በልምምድ ላይ ዳኛ ስለሌለ የሚሰደበው አሠልጣኙ ነው።

ሜዳችን በሦስት ጎኑ በቆርቆሮ ታጥሯል። በአራተኛው ጎን ያጠረው የጋሼ ይማም ማሽላ ነው። ቀልዴን አይደለም። የሜዳው መስመር ያልቅና ሰው የሚቆምበት ጠባብ ቦታ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ከሰው ቁመት በላይ የሆነው ማሽላ ይጀምራል፤ ከእሱ ኋላ የቀወት ወረዳ ገበሬዎች ማሳ ነው፣ እስከ ዓይን ጥግ። ደጋፊ ሁሉ የሚቆመው እዚያ ነበር፤ ጀርባውን ለማሽላው ሰጥቶ። ከሰዓት በኋላ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነዋ! ሰው የሚደግፈውን ቡድን በልቡ ሊመርጥ ይችላል፤ በእኛ ቆላ የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጥለት ግን ፀሐይ ነው።

ጋሼ ይማም ማለት (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ እሳቸው ግን ሲሰሙት ራሳቸውን ያውቃሉ) በከተማው የታወቁ የኳስ ጠላት ነበሩ። ኳሷ ማሽላው ውስጥ ስትገባ ለመመለስ የሚገባ ተጫዋች መጀመሪያ ቆሞ «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ» ማለት ነበረበት። እሳቸው ሲፈቅዱ ተጋጣሚው ቡድን ዕረፍት አድርጎ ይጨርሳል። አንድ እሁድ ጨዋታው ሲያልቅ «ማን ተሸነፈ?» ብለው ጠየቁኝ። የእኛው ቡድን መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ታዲያ ከእንግዲህ አይመጡም ማለት ነው?» አሉኝ።

ማሽላቸው ግን ዝና ነበረው። በእኛ አገር የማሽላ ጠላት ግሪሳ ወፍ ነው። ቢያዩት እፍኝ አይሞላም፤ ችግሩ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ማሽላው እሸት ሲሆን እንደ ደመና ይወርድና አንዱ ማሳ ላይ ቁርሱን በልቶ ሲነሣ፣ ለባለማሳው የሚተርፈው አገዳ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀወት ገበሬ በዚያ ወቅት ማሳው መሐል በእንጨት ላይ ማማ ይሠራል፣ ወንጭፉን ይዞ ይወጣል፣ ከንጋት እስከ ምሽት ሲጮኽና ሲወነጭፍ ይውላል። አጨዳ የሚደርሰው ድምፁ ከተዘጋ በኋላ ነው። በጋሼ ይማም ማሳ ላይ ግን ማማ ቆሞ አያውቅም። ወፉ በላዩ ያልፋል እንጂ አያርፍበትም። ሼህ የነበሩት አባታቸው በሕይወት ሳሉ ማሳው ራስ ላይ ቆመው «ያረቢ፣ ይህን ማሽላ ከወፍ ጠብቅልኝ» ብለው ዱዓ አድርገዋል፤ የተሰበሰበውም ሰው አሚን ብሏል። ከዚያ ወዲህ ይኸው ነው።

በዚህ የተነሣ በዘር ወቅት ከቀወት ቀበሌዎች፣ ከማጀቴ ሳይቀር ሰዎች ይመጡና ከጋሼ ይማም ማሳ እፍኝ አፈር ወስደው የራሳቸው ማሳ ላይ ይበትናሉ፤ ለበረካ። ሰርግ ሲኖር ለዱዓ ቀድመው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ድምፁ የተዘጋ ጎረቤት በማሳቸው አጠገብ ባለፈ ቁጥር ጋሼ ይማም ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ እያደረጉ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ከዚያ በላይ አይናገሩም፤ አያስፈልግማ!

ከዚያ ኮሮና መጣና የሜዳው በር ተቆለፈ። ተጫዋቾቹ በየግቢያቸው ሲዘሉ ከረሙ። እኛም እንደ ዓለሙ ሁሉ በክርን ሰላም መባባል ጀመርን። በአገራችን በይፋት ሰላምታ ማለት እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ እየተሳሳሙ፣ ከልጆቹ ተነሥቶ እስከ ከብቱና እስከ ዝናቡ መጠያየቅ ነው። በክርን ስለ ከብት መጠየቅ ደግሞ በጭራሽ አይመችም። ሰዉ «ደህና ናችሁ?» ተባብሎ ማለፍ ሲጀምር ከተማው በሙሉ የተኳረፈ መሰለ።

ክረምቱ አልፎ ማሽላው እሸት ሊሆን ሲቃረብ መመሪያ ወረደ፤ ውድድሩ ይጀመር፣ ተመልካች ግን አይግባ የሚል። የአካባቢው ኮሚቴ ሁኔታውን አይቶ ይወስን ተባለ። ስብሰባው ማንጎ ዛፍ ሥር ተጠራ። ወንበሮቹ ከመራራቃቸው የተነሣ ሰው የሚናገረው የሚሰማው አጠገቡ ላለው ሰው ብቻ ነበር፤ አጠገቡ ደግሞ ማንም የለም። ስለዚህ ሁሉም ይጮኻል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማን፤ ያለ ተመልካች ስለመጫወት የተደረገው ክርክር ብዙ ተመልካች ነበረው።

አምበላችን ሰይድ መጀመሪያ ተነሣ። «ባዶ ሜዳም ይሁን፣ እንጫወት» አለ። «የኳስ ተጫዋች ዕድሜ እኮ አጭር ናት። እናንተ በሽታው ሲያልፍ ትመለከታላችሁ፤ እኔ በሽታው ሲያልፍ አርጅቼ ነው የምገኘው።» ከደጋፊዎቹ ወገን የነበሩት ደግሞ ያለ እነሱ ቡድን የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ለባዶ ሜዳ መጫወት ለግድግዳ እንደመዘፈን መሆኑን በየተራ አስረዱ። እኔ በልቤ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። የመናኸሪያውን ጠብ ምሳሌ አድርጌ ለመናገር እጄን ሳወጣ ከእኔ ቀድማ ሲስተር ሙሉ ተነሣች።

ሲስተር ሙሉ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት፤ በዚያ ሙቀት ማስኳን ከአፍንጫዋ ዝቅ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። «ታደሰን ስንቀብር ስንት ነበርን?» አለች። ታደሰ የቡድናችን ከበሮ መቺ ነበር። ስናሸንፍ ሁሉም ይጮኻል፤ ታደሰ ስንሸነፍም ይመታ ነበር። በሽታው ወሰደውና በጣት የምንቆጠር ሰዎች ተራርቀን ቆመን ቀበርነው፤ ለእሱ የሚመታ ከበሮ እንኳ አልነበረም። «ለታደሰ ቀብር የቀረን ሰዎች ለኳስ እንሰብሰብ?» አለች ሲስተር ሙሉ። እጄን ቀስ ብዬ አወረድኩት።

ነገሩ በዚሁ ሊያልቅ ሲል ከዛፉ ወዲያ «አሰላሙ አለይኩም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ይማም ናቸው። ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ማስክ አድርገው፣ ማንም ሳይጠራቸው መጥተዋል። ሁላችንም ሜዳው ለዘላለም ይዘጋ ሊሉ ነው ብለን ተዘጋጀን።

«ኳስ ያለ ሰው አይሆንም» አሉ።

ሰይድ ጆሮውን አላመነም። «ጋሼ፣ አንቱ ኳስ መውደድ የጀመሩት መቼ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ነገር የደጋፊ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንኳ ተናግሮት የማያውቅ ነው። ሰው ተራርቆ ይቁም፤ ቦታ ከጠበበ ከማሽላው ዳር አንዱን ተርታ አጭጄ ለደጋፊ እለቃለሁ፤ ማስክ የሌለው ካለ እኔ እገዛለሁ፤ ብቻ ሰዉ ይምጣ፣ ጠዋትም ማታም ይምጣ፣ መጥቶም ይጩኽ አሉ። ሲስተር ሙሉ በትሕትና «ጋሼ ይማም፣ በሽታውን የሚያስተላልፈው እኮ እሱ ጩኸቱ ነው። ዝም ብለው ቢቆሙ ይሻል ነበር» አለቻቸው።

«ዝም ካሉማ ምን ያደርጉልኛል?» አሉና ድንገት አፋቸውን ያዙ።

ኮሚቴው ጨዋታው ያለ ተመልካች ይጀመር ብሎ ወሰነ። ሲስተር ሙሉ ልክ ነበረች፤ ያኔም ልክ ነበረች፣ አሁንም ልክ ናት። ጋሼ ይማም ግን ከዛፉ ሥር ሲሄዱ ትከሻቸው ወርዶ ስላየሁ ተከተልኳቸው። ማሳቸው ጋ ስንደርስ ነገሩ ያለ ነጋሪ ገባኝ። ማሽላው በወፍ ተሸፍኗል። ጋሼ ይማም ድንጋይ አንሥተው ወረወሩ፤ ደመናው ተነሣ፣ ትንሽ ዞሮ ከማሳው ማዶ ተመልሶ አረፈ።

«አየህ መምህር» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ያን ሁሉ ዓመት በረካ ነው ስል ለካ የጠበቀልኝ የእናንተ ጩኸት ነው። ጠዋት ሲለማመዱ ሰው ይጮኻል፣ ማታ ሲለማመዱ ይጮኻል፣ ወፍ የሚበላውም ጠዋትና ማታ ነው። ስሰድባቸው የኖርኩት የገዛ ጠባቂዎቼን ነው፣ ወላሂ!»

«ታዲያ ጋሼ፣ እንደ ሰዉ ማማ ሠርተው ለምን አይጠብቁትም?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። የይማም ማሳ ላይ ማማ ቆመ ማለት የሼሁ ዱዓ ተነሣ ማለት ነው። ወሬው በአንድ የገበያ ቀን ቀወትን አዳርሶ ማጀቴ ይገባል። አፈሩን የወሰደው ሁሉ ምን ይላል? «ማሽላው ቢበላ እኔ እራባለሁ፤ የአባቴ ስም ከተበላ ግን ምን አለኝ?» አሉኝ። ማማው የት እንደሚቆም ለማሳየት ያነሣሁትን እጄን፣ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ አወረድኩት።

ተስፋ የመጣው ከሰይድ ነው። አውሮፓዎቹ ለባዶው ስታዲየም የተቀዳ የደጋፊ ጩኸት እንደሚያሰሙ አይቶ ኖሮ፣ ሞንታርቦ ተከራይተን በፍላሽ እንልቀቅ አለ። ኮሚቴው ሲያመነታ ጋሼ ይማም ሞንታርቦውን የሚሸከም አህያ ከራሳቸው ቤት አመጡ። የት ይቀመጥ ሲባል «ከማሽላው በኩል፣ አፉን ወደ ማሽላው አዙራችሁ» አሉ። አፉ ወደ ሜዳው መሆን አለበት ብለን በግድ አስማማናቸው። በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ያ ሁሉ የባዕድ አገር ሕዝብ በማናውቀው ቋንቋ ሲያስገመግም ወፉ ብን ብሎ ጠፋ። ጋሼ ይማም ሞንታርቦውን «ማሻአላህ» ብለው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ደስታቸው ሳምንት አልሞላም። የተቀዳው ጩኸት የሚጮኸው በራሱ ሰዓት ነው፤ ኳሷ ውጭ ወጥታ ሰይድ ጫማውን ሲያስር ሕዝቡ በእልልታ ይፈነዳል፤ ግብ ሲገባ ጭጭ ይላል። ተጫዋቾቹ ቶሎ ሰለቹት። ወፉም እንደዚያው። መጀመሪያ ራቅ ብሎ አረፈ፣ ቀጥሎ ቀረብ ብሎ አረፈ፣ በመጨረሻ አንዷ ሞንታርቦው ላይ ቁጭ ብላ ላባዋን ስታስተካክል አየናት። ወፍና ተጫዋች ሁለቱም የሚጮኽላቸው ሰው መሆን አለመሆኑን ያውቃሉ። እኛ ብቻ ነን የማናውቀው።

ሰይድ ኮሚቴው ፊት መጥቶ «አንድ ሰው ስጡን» አለ። «አንድ ብቻ። ግብ አግብቼ ወዴት እንደምሮጥ ጠፋኝ።» ሲስተር ሙሉ አሰበችበት። በሜዳው ዳር፣ ከሁሉ ርቆ የተቀመጠ አንድ ሰው ስብሰባ አይባልም፤ ይፈቀድ አለች። ይህን ጊዜ ነው ጉድ የፈላው። አንድ ተመልካች ማን ይሁን? የደጋፊ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እኔ አለ፣ ምክትሉ እኔ አለ፣ የማስኩ መኖር በጀ እንጂ ምራቅ ሁሉ ይረጫጩ ነበር። ያን ጊዜ ተነሣሁና በሕይወቴ አንድ ብልህ ነገር ተናገርኩ። «ማንም የማይቀናበት ሰው ይሁን። ኳስ የማይወድ ሰው። በበር የማይገባ፣ ከገዛ ማሳው ሆኖ የሚያይ።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ይማም ማሽላ ዞሩ።

«ማሽላው ረጅም ስለሆነ ግን ከፍ ያለ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል» አልኩ።

እንዲህ ሆኖ ኮሚቴው ራሱ እንጨት አስቆርጦ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተሸክመው፣ በጋሼ ይማም ማሳ ጫፍ ላይ የተመልካች መቀመጫ ሠሩ። መልኩ ማማ ይመስላል። አወጣጡም እንደ ማማ ነው። ስሙ ግን የተመልካች መቀመጫ ነው፤ ጋሼ ይማም ሳይሆኑ ኮሚቴው ስላሠራው ማንም ምንም ማለት አይችልም። አንድ የኮሚቴ አባል ብቻ «ወንጭፉ ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ደጋፊ ባዶ እጁን አይቀመጥም» አልኩት። ጋሼ ይማም ያኔ ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልምምድ ከተጫዋቾቹ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ሆኑ። ወንጭፋቸው ሲጮኽ፣ እሳቸው ሲጮኹ፣ ቡድኑም ሞቅ እያለው ሄደ። ከተማው በየደጁ ተቀምጦ የጋሼ ይማምን ድምፅ ያዳምጥ ጀመር፤ ጨዋታው እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው በእሳቸው ነው። ወፉ ብዙ በሆነ ቀን ከተማው ቡድናችን አጥቅቶ የተጫወተ ይመስለው ነበር።

ግን ሰው ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳያየው መቅረት አይችልም። አንድ ቀን ጋሼ ይማም «ያ ጥቁር የለበሰው ሰውዬ ባንዲራ ሲያነሣ ለምን ይቆማሉ?» አሉኝ። ኦፍሳይድ ስለሚባለው የከጨዋታ ውጭ ሕግ እንደ ምንም ብዬ አስረዳኋቸው። «ገባኝ» አሉ። «ባለቤቱ ዞር ሳይል ቀድሞ ማሳ የገባ ፍየል ነው።» በሚቀጥለው ሳምንት ከባንዲራ ያዡ ቀድመው «ፍየል!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ሰይድን በስሙ መጥራት ጀመሩ። ሰይድ ሲመታ ወንጭፋቸው ይወርዳል። እኔ ይህን ሳይ ደስ አለኝ፤ መፍራት ሲገባኝ።

የመጨረሻው ጨዋታ ከማጀቴው ቡድን ጋር ነበር። ካላሸነፍን ወደ ታችኛው ምድብ እንወርዳለን፤ ከወረድን ቡድኑ ሊበተን ይችላል። ማሽላውም ለአጨዳ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ሊያልቅ ሲል እኩል ለእኩል ነን፤ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፣ ያቺ ወፍ እራቱን የሚበላባት ሰዓት ናት። ሰይድን በግቡ ሳጥን ውስጥ ጣሉት። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሰይድ ራሱ ኳሷን አስቀመጠ።

የኮሚቴው ተረኛ ሆኜ ከቆምኩበት፣ ከማማው ኋላ የወፉ ደመና ሲመጣ አየሁት። ወደ ማሽላው ወረደ። ጋሼ ይማም ወንጭፋቸው ውስጥ ድንጋይ አለ፤ እጃቸው ተነሥቷል። «ጋሼ፣ ወፍ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ሰይድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ የጋሼ ይማምም እጅ ተነሥቶ ቀረ። ማጀቴዎቹ ዳኛውን ከበው ይከራከራሉ፣ በረኛው ጓንቱን ያስተካክላል፣ ዳኛው ኳሷ በትክክል አልተቀመጠችም ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ወፉ ይበላል። በመጨረሻ ፊሽካው ተነፋ። ሰይድ መታ። ገባ!

ሰይድ እጆቹን ዘርግቶ ሮጠ። ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል። ቡድኑ በሙሉ ተከትሎት ወደ ማማው ሮጠ። ጋሼ ይማም ወንጭፋቸውን ከነድንጋዩ ወደ ሰማይ ወርውረው፣ ጥምጣማቸው ተፈቶ፣ በዕድሜያቸው ጮኸውት የማያውቁትን ጩኸት ጮኹ። ከተማው በየደጁ ሆኖ መለሰላቸው። ያን ጊዜ ከኋላቸው ወፉ ተነሣ፤ ጠግቦ፣ ቀስ ብሎ።

ከማማው ወረዱ። የማሳው ግማሽ ዛላው ባዶ ሆኗል። ጋሼ ይማም አንዱን ዛላ በእጃቸው ይዘው አገላበጡት። እኔ የማየው ቦታ ጠፋኝ። ወፉን አይቼ ዝም ያልኩት እኔም ነኛ!

ወሬው በማግሥቱ ደረሰ። ማሳው ራቅ ብሎ ቀወት ውስጥ ያለው ጎረቤታቸው ሐሰን ከሌሎች የቀወት ሰዎች ጋር መጣ። ሐሰን በየዓመቱ አፈር የሚወስድ፣ በየዓመቱ ድምፁ የሚዘጋ ሰው ነው። ማሳውን ዞሮ አየና በሹክሹክታ፣ ድምፁ ከዚያ በላይ አይወጣለትምና፣ «ጋሼ ይማም፣ ምነው? የሼሁ ዱዓስ?» አለ። ሁሉም ጆሮውን ሰጠ።

ጋሼ ይማም ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «አባቴ ዱዓ ያደረጉት ከወፍ እንዲጠብቀው ነው» አሉ። «ከኳስ አላሉም።»

መጀመሪያ የሳቀው ሐሰን ነው፤ ሳቁ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። በአጨዳው ወቅት ከእያንዳንዱ ማሳ ቁና ቁና ማሽላ ለጋሼ ይማም መጣላቸው። ቡድኑም ሳይወርድ ቀረ።

በሽታው ቀለል ሲል ተመልካች ተፈቀደ። መናኸሪያ በር ላይ ጠቡ ከቆመበት ቀጠለ፤ ያዥ በያዥ ሆነ። ሜዳውም ሞላ። ጋሼ ይማም ማማውን አላፈረሱትም፤ ያለ ወንጭፍ ይቀመጡበታል፣ «ፍየል!» ይላሉ። በዘር ወቅት ደግሞ እንደ ወትሮው ሰው ለአፈር መጣ፤ ሐሰንም መጣ። ጋሼ ይማም ማሳቸውን አልፈው እየመሩ ወደ ሜዳው መስመር ወሰዱት፤ ደጋፊው ወደሚቆምበት፣ ሣር ወደማይበቅልበት ጠባብ ቦታ።

«ከዚህ ውሰድ» አሉት።

«ጋሼ፣ ማሳው ወዲያ ነው እኮ» አለ ሐሰን።

«አውቃለሁ። ከዚህ ውሰድ። አባቴ አላህን ጠባቂ ለመኑት እንጂ ጠባቂው ማን ይሁን ብለው አላዘዙትም።»

ሐሰን መሬቱን አየ፣ ሜዳውን አየ፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እፍኙን ሞላና ሄደ። የገባው አልመሰለኝም ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን በቀወት በኩል ስናልፍ የባጃጁ ሾፌር በጣቱ አሳየኝ። ሐሰን ከማሽላው ማሳ አጠገብ ያለውን የግጦሽ ቦታ ደልድሎ፣ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሁለት ግንድ ተክሏል። የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስቦ ተጫወቱ እያለ ነው አሉ፤ ኳሷንም ራሱ ነው የገዛላቸው።